አስፐንና ኮረም፤ በበረዶው ተራራ ላይ የሚሳቅ ሳቅ

 የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሥልጣንና ስለ ባለሥልጣን አይደለም። ስለ ሳቅ ነው፤ ያውም በበረዶ ተራራ ላይ ስለሚሳቅ ሳቅ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንናገራለን።

ሳውዝ ፓርክ የተባለውን የካርቱን ኮሜዲ ከልጆቹ ትከሻ ኋላ ቆሞ ሰርቆ ያላየ ወላጅ በመካከላችን ጥቂት ነው። ፕሮግራሙ የኮሎራዶ ልጅ ነው። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ትሬይ ፓርከር ኮኒፈር ያደገ ሲሆን፣ ሌላው ማት ስቶን ሊትልተን ያደገ ነው። የተገናኙትም ቦልደር በሚገኘው በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሳውዝ ፓርክ የሚለው ስምም ቢሆን ከራሳቸው ያፈለቁት አይደለም፤ በ285 መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወጡ ፌርፕሌይ የምትባለውን ትንሽ ከተማ የያዘው ሰፊ ደጋማ ሜዳ ስም ነው።

ይህ ኮሜዲ ማርች 13 ቀን 2002 ያስተላለፈው ክፍል የተሠራው በአስፐን የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ላይ ነው። ርዕሱን እዚህ እንዳንጽፈው ይሉኝታ ይዞናል፤ ከከተማይቱ ስም ላይ አንድ ፊደል ጨምረው ስድብ አድርገውታል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ወላጆቹ ነፃ የስኪ ቲኬትና ነፃ ምሳ ትሰጣላችሁ፣ በምትኩ ስለ ታይም ሼር አጭር ገለጻ ስሙልን ተብለው ይገባሉ። ከገቡ በኋላ መውጫ የለም። ማምለጫ ብለው የሚሄዱበት መንገድ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ወደ ሻጮቹ አዳራሽ ይመልሳቸዋል። ነፃ እራት ተጋብዞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈገግ እንዳለ የተቀመጠ አበሻ ሁሉ ይህን ሲያይ ሆዱን ይዞ መሳቁ አይቀርም። ሐበሻ እምቢ ማለት እንደሚቸግረው ያ ሻጭ ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ስልኩ ግን ዘወትር ወደ እኛው ቤት ይደወላል።

ልጆቹ ደግሞ በዚያው ሰዓት ስኪ ይማራሉ። አስተማሪው ለመቆም ሲፈልጉ እግራቸውን እንደ ቁራሽ ፒዛ፣ ለመፍጠን ሲፈልጉ ደግሞ እንደ ድንች ጥብስ ትይዩ እንዲያደርጉ ይነግራቸዋል። ይህ የቀልድ ፈጠራ አይደለም፤ እውነተኞቹ አስተማሪዎችም ሕፃናትን የሚያስተምሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ከዚያ አንድ ወርቃማ ጸጉር ያለው ጉረኛ ብቅ ይልና ስታን የተባለውን ልጅ እንወዳደር ብሎ ያፋጥጠዋል። ስታን ስኪ ከጀመረ ገና አንድ ቀኑ ነው።

ይህ ሁሉ የሚያፌዘው በ1980ዎቹ በወጡት የስኪ ፊልሞች ላይ ነው። በ1984ና በ1985 ከወጡት ጀምሮ ቅርጻቸው አንድ ነበር፤ ምስኪን ልጅ፣ ሀብታም ጉረኛ፣ በመካከላቸው አንዲት ኮረዳ፣ በመጨረሻም ሁሉንም ነገር የሚወስን የቁልቁለት ውድድር። በ1994 የወጣው ደም ኤንድ ደመር የተሰኘው ፊልም ግን ትንሽ ይለያል። ጂም ኬሪ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ የሊሞዚን ሾፌር ነው። ተሳፋሪዋን ኤርፖርት ያደርሳታል፣ ቦርሳ ረስታ የሄደች ይመስለዋል፣ ያንን ለመመለስ ሲል አገር አቋርጦ እስከ አስፐን ይነዳል። አስፐን ተብለው የሚታዩት መንገዶች የብሬከንሪጅ ናቸው፤ ትልቁ ሆቴልም ኢስተስ ፓርክ የሚገኘው ስታንሊ ሆቴል ነው። በስኪ ቀልድ ታሪክ ውስጥ ሾፌር ዋና ሰው የሆነበትን ሌላ ፊልም እኛ አላየንም። ሰውዬው ጅል መሆኑ ቅር ቢያሰኝም፣ የተረሳ ሻንጣ ይዞ ባለቤቱን የፈለገ የዴንቨር ሾፌር ሁሉ ይህን ፊልም ከማንም የበለጠ ሊረዳው ይገባል።

ስለ አስፐን ራሷ ጥቂት እንበል። ከተማይቱ የብር ማዕድን ከተማ ነበረች። በ1893 የብር ዋጋ ሲወድቅ እሷም አብራ ወደቀች፤ በ1930 ነዋሪዋ ሰባት መቶ ያህል ሰው ብቻ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የተራራ ጦር የሚሆነውን አሥረኛውን ክፍለ ጦር ሌድቪል አጠገብ በካምፕ ሄል በስኪ አሠለጠነች። ከዚያ ጦር የተመለሰው ትውልደ ኦስትሪያው ፍሪድል ፋይፈርና የቺካጎው ባለሀብት ዋልተር ፔፕኬ ተባብረው በ1947 የገመድ ወንበሩን አስፐን ላይ አስከፈቱ። ቬይልንም በ1962 የከፈተው ከዚሁ ጦር የተመለሰ ፒት ሲበርት የሚባል ሰው ነው። እንግዲህ የኮሎራዶ የስኪ ኢንዱስትሪ የተባለው ሁሉ አብዛኛው በሥራ ፈት ወታደሮች የተጀመረ ነው ማለት ይቻላል። በ1973 የአይዘንሃወር ዋሻ ሲከፈት ደግሞ የዴንቨር ሰው ቅዳሜ ጧት ተነሥቶ ሄዶ ማታ መመለስ ቻለ። ዋሻው 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ በጣርማ በር አልፎ ደብረ ሲናን የወረደ ሰው ጆሮው ሲደፈን ያገሩ ትዝ ይለዋል።

ያንን መንገድ የእኛ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ኤርፖርቱ በ1995 ከስቴፕልተን ወደ አሁኑ ቦታው ከተዛወረ ወዲህ በክረምት ስኪ ተሸክመው የሚወርዱትን መንገደኞች በታክሲና በቫን የሚያመላልሱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በ2009 ሥራ የጀመረውን የዩኒየን ታክሲ ኅብረት ሥራ ማኅበር ካቋቋሙት መካከል ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሾፌሮች ናቸው። እነዚህ ሰዎች የስኪውን ዓይነት፣ የማሰሪያውን ብልሃት፣ የትኛው ተራራ መቼ እንደሚከፈት ጠንቅቀው ያውቃሉ። በቴሌቪዥኑ ኮሜዲ ውስጥ ግን ሁሉም ሰው ሪዞርቱ ላይ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ማን እንዳመጣው፣ አልጋውን ማን እንዳነጠፈለት አይታይም።

ታዲያ በዚህ የኮሎራዶ ኮሜዲ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ጭራሽ አልገባም ወይ? ገብቷል እንጂ። የገባው ግን በበረዶ በኩል ሳይሆን በረሃብ በኩል ነው።

ሳውዝ ፓርክ በጀመረ በሦስት ወሩ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1997፣ ለምስጋና ቀን የተዘጋጀ አንድ ክፍል አስተላለፈ። ልጆቹ በቴሌቪዥን የእርዳታ ማስታወቂያ አይተው፣ የእጅ ሰዓት በስጦታ ይላክልናል ብለው ገንዘብ ይልካሉ። በሰዓቱ ፈንታ አንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን በራቸው ላይ ይደርሳል። ስም ያወጡለታል፤ ስሙም ረሃብተኛው ማርቪን እንደማለት ነው። በ1999ም ተመልሶ መጥቷል።

እውነቱን መናገር ይገባል። ቀልዱ በሕፃኑ ላይ አይደለም ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። የሚፌዝበት ቆርቆሮ ምግብ ሰጥቶ ኅሊናውን የሚያስተኛው አሜሪካዊ ነው። በስሟ የምትታወቀዋ የእርዳታ ማስታወቂያ ተዋናይት ሳሊ ስትራዘርስም እርዳታውን ራሷ ስትበላ ትታያለች። እኛም በጋዜጠኝነት ዘመናችን ስለ እርዳታ እህል ብዙ የታዘብን ሰዎች ስለሆንን ይህ ክፍል ሊያስከፋን አይገባም ነበር።

የሚያስከፋው ሌላ ነው። ማርቪን የሚናገረው በምላስ ጠቅታ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ከሚነገሩት ከሰማንያ የማያንሱ ቋንቋዎች አንዱም እንዲህ ያለ ድምፅ የለውም። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ በራሱ ፊደል ሲጽፍ የኖረ አገር ልጅ በጠቅታ ብቻ እንዲያወራ ተደረገ። አገሩም አሸዋ ነው፤ ተራራ የለ፣ ዛፍ የለ፣ ብርድ የለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያ ቀልድ የተወለደው ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ቢ.ቢ.ሲ. ካስተላለፈው ዘገባ ነው፤ ማይክል በርክ የተናገረው፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያነሣው የኮረም ዘገባ። ያንን ፊልም ደግሞ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚታየው አሸዋ አይደለም። ጎሕ ሲቀድ፣ ጭጋግ፣ ጋቢና ነጠላ ተከናንቦ ተኮራምቶ የተቀመጠ ሕዝብ ነው። ኮረም ደጋ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ትገኛለች። የአስፐን ከተማ ከፍታ 2,400 ሜትር ነው። የኮረም ሰው በራብ ብቻ አላለቀም፤ የሌሊቱ ቁርም ገድሎታል። በሌላ አነጋገር ሀብታሙ ሰው ብርድ ፍለጋ በአውሮፕላን የሚሄድበት ከፍታና ወገኖቻችን በብርድ ያለቁበት ከፍታ አንድ ነው። የካርቱኑ ሠዓሊ ግን ከነዚህ ሁለት ቦታዎች አንዱን በረዶ፣ ሌላውን በረሃ አድርጎ ሣላቸው።

አዲስ አበባም ብትሆን 2,355 ሜትር ላይ ናት። ዴንቨር አንድ ማይል ከፍታ አለኝ ብላ ስትኮራ 1,609 ሜትር ብቻ ነው፤ አራት ኪሎ ያደገ ሰው ወደ ዴንቨር ሲመጣ ወረደ እንጂ አልወጣም። ከኮሎራዶ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ኤልበርት 4,401 ሜትር ሲሆን ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ በትምህርት ቤት ለሚገጥማቸው ክርክር ይጠቅማቸዋል።

በረዶም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው የባሕር ነጋዴ አዱሊስ ላይ አንድ በግሪክ ቋንቋ የተቀረጸ የድንጋይ ጽሑፍ አግኝቶ ገልብጧል። ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ ስለ ዘመቻዎቹ የሚናገርበት ጽሑፍ ነው። ሰሜን የሚባለውን አገር እንዴት እንደያዘ ሲተርክ፣ በዚያ ተራሮች ላይ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለ ይገልጻል። ስለዚህ በሰሜን ተራሮች በረዶ ውስጥ የሰጠመው ወታደር አስፐን የሚባል ስም ሳይታሰብ ሰጥሟል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አጭር ቢሆንም የሚያኮራ ነው። አበበ ቢቂላ በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ፣ በ1973 ከመሞቱ በፊት፣ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር ኖርዌይ ተጋብዞ ነበር። እዚያም 25 ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ በተንሸራታች ወንበር ተወዳድሮ አሸንፏል። በሮም በባዶ እግሩ የሮጠው ሰው ያለ እግሩ ደግሞ በሰሜን አውሮፓ በረዶ ላይ አሸነፈ ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ለምን እንዳነሰ አይገባንም።

ቀጥሎ የመጣው ሮቤል ተክለማርያም ነው። አዲስ አበባ በ1974 ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ መጥቶ፣ ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሎምፒክ ባስተናገደችው በሌክ ፕላሲድ ስኪ ተማረ። ለኒው ሃምፕሽር ዩኒቨርሲቲም ተወዳደረ። ከዚያ የኢትዮጵያን የስኪ ፌዴሬሽን አቋቁሞ በ2006 ቱሪን ላይ አገራችንን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሎምፒክ ወከለ። አበበ ባሸነፈባት በጣሊያን ምድር ባንዲራውን ይዞ ብቻውን ገባ። በ15 ኪሎ ሜትሩ የአገር አቋራጭ ውድድር 83ኛ ወጣ።

ሰማንያ ሦስተኛ! ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። እንዲያ ከሆነ አንድ ነገር እንጨምር። በዚያው ውድድር ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይትም ነበረ፤ በ1998 ናጋኖ ላይ መጨረሻ ሲገባ ኖርዌያዊው ሻምፒዮን ቢዮርን ዴሊ መስመሩ ላይ ቆሞ ጠብቆ ያቀፈው ሰው። ሮቤል ከእሱ ቀድሞ ነው የገባው። ኢትዮጵያና ኬንያ በበረዶም ላይ ተገናኝተው ኢትዮጵያ ቀድማለች። ይህን ያህል የምሥራች እንዴት ሳይዘፈንለት ቀረ?

ሮቤል በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ተወዳድሮ 93ኛ ወጥቷል። በመካከሉ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ጎማ ባለው ስኪ ሲለማመድ፣ መንገደኛው ቆሞ ያየው ነበር።

የሆሊውድ ዘዴ ለእንዲህ ያለ ሰው የተዘጋጀ ልክ አለው። ጃማይካውያን በ1988 በካልጋሪ በቦብስሌድ ከተወዳደሩ በኋላ በ1993 ዲዝኒ ኩል ራኒንግስ የተባለውን ፊልም ሠራባቸው። በጣም የሚያስቅ፣ ማንንም የማይጎዳ ፊልም ነው። ይሁን እንጂ ሙቅ አገር ያለ ጥቁር ሰው በረዶ ላይ ሲቆም መሳቅ አለብን የሚለውን ሐሳብ በዓለም ላይ ተክሎ የሄደው እሱ ነው። ሮቤል ግን ወድቆ የሚያስቅ ሰው አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረውን ሙያ በሥርዓት የሠራ ስፖርተኛ ነው። አንዳንዴ አስቂኝ አለመሆንም ድል ነው።

በቀልዱ ዓለም ስንመለስ፣ የእኛ ነገር ጥቂት ተሻሽሏል። በ1989 የወጣውና ሃሪና ሳሊ የሚባሉት የሚጫወቱበት ዝነኛ የፍቅር ፊልም ውስጥ ኢትዮጵያ ምግብ መኖሩን አላውቅም ነበር፣ ሁለት ባዶ ሳህን አዝዘን እንሂድ የሚል ቀልድ አለ። በ2011 ኖቬምበር ወር ግን ሲምፕሰንስ የተሰኘው ካርቱን ቤተሰቡን አንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አስገብቶ እንጀራ በእጃቸው አስቆርሶ፣ ጣታቸውን አስልሶ አሳያቸው። ከባዶ ሳህን እስከ ሙሉ ትሪ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀ። ይህን ለውጥ ያመጣው የተቃውሞ ደብዳቤ አይመስለንም። ኮልፋክስና ሃቫና ላይ እንዳሉት ያሉ፣ በየከተማው ሌሊት ተነሥተው ሊጥ የሚያቦኩ እናቶች ናቸው።

ይሁንና እንጀራችን ካርቱን ውስጥ ገባ እንጂ ሰዎቻችን ገና አልገቡም። ደግሞም ለምን ሌላ ሰው እንጠብቃለን? አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በቪዲዮ ካሴት እየተከራዩ በስደት ክፍላችን ውስጥ ሲያስቁን፣ ከራሳችን ላይ የሚወጣ ቀልድ ምን ያህል እንደሚያድን አይተናል። አውሮራ የተወለዱት ልጆች በሁለት ቋንቋ ይቀልዳሉ፤ ካሜራውም በኪሳቸው ነው።

እስቲ ያንኑ የአስፐን ክፍል በእኛ ሰው እናስበው። አንድ የአውሮራ ቤተሰብ ለነፃ የስኪ ቲኬት ብሎ ታይም ሼር ገለጻ ይሄዳል። እናት ከቤት ይዘው የመጡትን ዳቦ ቆርሰው ለሻጩ ይሰጣሉ፤ ስትናገር ደክሞሃል፣ ቅመስ ይሉታል። አባት እምቢ አይሉም። እናስብበት ይላሉ። ከዚያ የሻጩን የትውልድ አገር ይጠይቃሉ፣ ከዚያ የአባቱን ስም፣ ከዚያ ስለ ዓድዋ ይጀምራሉ። ሁለት ሰዓት ያልፋል። ሻጩ ሰዓቱን ሲያይ አባት ገና ምኒልክ ውጫሌን እንዴት እንዳፈረሱ እየተናገሩ ነው። ልጅቱ ውጭ ተራራው ላይ እግሯን እንደ ፒዛ አድርጋ ቀስ ብላ ትወርዳለች፤ ከታች አያቷ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመው፣ "በማርያም ቀስ በይ!" ይላሉ። ሻጩ በመጨረሻ ቲኬቱን በእጃቸው አስጨብጦ፣ መኪናቸው ድረስ ሸኝቶ፣ ዳቦው ከተረፈ ትንሽ እንዲጠቀልሉለት ይለምናቸዋል።